የተወሰደውና የተሸጠው

ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሌላውን አገር ማየቱ ትልቅ ትምህርት ነው። ይህም ትምህርት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የማያውቁትን ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው አውቀዋለሁ ሲሉት የኖሩትን ነገር እንደማያውቁት መረዳት ነው። የመጀመሪያው ደስ ያሰኛል፤ ሁለተኛው ያሳፍራል። ይሁን እንጂ ለሰው የሚበጀው የሚያሳፍረው ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በስተርጅና፥ ከሕፃናት ጋራ ተሰልፌ በለንደን ከተማ ስዞር በዋልሁበት አንድ ቀን ነው። ለወጣቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ የሆነውን እንደ ሆነ እጽፋለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምቈጥረው በእኛ አቈጣጠር ነው።

በደብረ ታቦር በአስተማሪነት ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግዬ ጡረታ በወጣሁ በማግሥቱ ዓመት፥ በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም.፥ ለንደን የምትኖረው ልጄ ጠርታኝ ሄድሁ። የልጅ ልጄ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ልጆች ጋራ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትማራለች። የሚያስተምራቸው በሥራው ሌላ ሙያ ያለው፥ ለፊደል ፍቅር ሲል ዕረፍቱን የሚሠዋ ወጣት ነው። እርሱም አንድ ቀን ወደ ቤት መጥቶ፥ «ጋሼ፥ የታሪክ አስተማሪ እንደ ነበሩ ሰማሁ። በመጪው ቅዳሜ ልጆቹን ሙዚየም ላሳያቸው አስቤአለሁ። አብረውን ቢውሉና ቢያስረዱልን ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። ሽማግሌ ሲጠየቅ ደስ ይለዋልና እሺ አልሁ። ልጆቹ ዐሥራ ሰባት ነበሩ፤ ታናሺቱ የስምንት ዓመት፥ ታላቁ የዐሥራ አራት።

በምድር ውስጥ በሚሄደው ባቡር ተሳፍረን ስንጓዝ፥ ከእኛ ቀድመው ይህን ከተማ ያዩትን ሰዎች አወራኋቸው። ራስ መኰንን በ1894 ዓ.ም. ለንጉሥ ኤድዋርድ ዘውድ መድፋት በዓል መጥተው ነበር። ራስ ተፈሪም በ1916 ዓ.ም. ከመኳንንቱ ጋራ በአውሮፓ ሲዘዋወሩ እዚህ ደርሰዋል። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች የጐበኙትን ከተማ ዛሬ የእነርሱ አገር ልጆች በቅዳሜ ሽርሽር ይጐበኙታል አልኋቸው። ልጆቹ ግን ከተማው የተወለዱበት ነውና ብዙም አልገረማቸውም። የተገረምሁት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያ የገባነው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚባለው ቤት ነው። ከትልቁ አዳራሽ ጣራ ላይ ርዝመቱ ሃያ አምስት ሜትር የሚሆን የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ዐፅም ተንጠልጥሎአል። ይህ አውሬ በ1883 ዓ.ም. በአየርላንድ ዳርቻ ወጥቶ የሞተ ነው። ልጆቹ ከሥሩ ቆመው አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ እኔ ሌላ ነገር አሰብሁ። እነዚህ ሰዎች ባሕር የተፋውን የእንስሳ አጥንት እንኳ ሳይጥሉ፥ አንዱን ከአንዱ አጋጥመው፥ አቧራውን እየጠረጉ ከመቶ ዓመት በላይ ጠበቁት። መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን በዚያ ቤት ተረዳሁ። ይህን ሐሳብ በልቤ ያዝሁት፤ ኋላ ተመልሶ ሊወጋኝ እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም።

ከዚያ ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን ኩዊንስ ጌት በሚባለው ጐዳና ላይ ከነሐስ የተሠራ ፈረሰኛ ሐውልት አገኘን። አስተማሪያቸው ሆነ ብሎ በዚያ በኩል አምጥቶን ኖሮ፥ «ይህ ማን ይመስላችኋል?» ብሎ ጠየቀ። ያወቀ አልነበረም። ሐውልቱ የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ነው። ሰውዬው በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝን ጦር እየመራ ወደ መቅደላ የዘመተው ነው፤ ከድል በኋላም በመንግሥቱ «የመቅደላው ባሮን ናፒየር» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። የወሎ ተራራችን ስም የባዕድ ሰው የክብር ስም ሆኖ በለንደን አደባባይ ሲጠራ መስማት እንግዳ ነገር ነው። ከልጆቹ አንዱ፥ «የኛን ተራራ ስም ማን ፈቀደለት?» አለ። አስተማሪውም እኔም ሳቅን፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

በአጠገቡ ካለው መናፈሻ ገብተን፥ እናቶቻቸው የቋጠሩላቸውን ዳቦና ሳምቡሳ ስንበላ ልጆቹ በጥያቄ ከበቡኝ። በእነርሱ አማርኛ «አንቱ» የለም፤ ሁሉም «አንተ» ይሉኛል፤ ከፍቅር ነውና አልከፋኝም። «አባባ፥ አንተ አገርህ የት ነው?» አለች አንዲቱ። «ደብረ ታቦር» አልኋት። «እዚያ ምን አለ?» አለች። ያን ጊዜ እንደ ልማዴ ተቀምጬ ማስተማር ጀመርሁ።

ደብረ ታቦርን የመሠረቱት የየጁው ራስ ጉግሣ መሆናቸውን፥ ከጐንደር መድከም በኋላም የመሳፍንቱ መቀመጫ መሆንዋን፥ በስተ ኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ ዋና ከተማቸው እንዳደረጉዋት ነገርኋቸው። ከከተማው በእግር ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ላይ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ንጉሡ በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡትን ሚሲዮናውያን፥ እነ ዋልድማየርንና እነ ዛልሙለርን፥ ሌሎችንም ባለ እጆች ጨምረው በዚያ አሰፈሩአቸው። እነዚያ ሰዎች ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ነበሩ፤ ንጉሡ ግን መድፍ እንዲያቀልጡላቸው ግድ አሉአቸው። እነርሱም ስለ መድፍ ሥራ ከመጽሐፍና ከሙከራ በቀር የሚያውቁት አልነበረም። ብዙ ጊዜ ወድቀው፥ ብዙ ጊዜ ተነሥተው፥ በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን፥ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፍ አወጡ። በሥራውም የሀገሩ ሰዎች አብረው ደከሙ። ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ መንገድ እያስጠረጉ፥ ገደል እያስቆረጡ፥ ያን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጐተቱ ስድስት ወር ያህል ተጉዘው በመጋቢት መቅደላ አወጡት። መድፉ ዛሬም በዚያ ተራራ ላይ አለ፤ እንግሊዞች ብዙ ነገር ሲወስዱ እርሱ ከብዶ ቀረ።

እኔ ራሴ በደብረ ታቦር በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ስለ ሆንሁ ይህን ታሪክ በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመትም አስተምሬዋለሁ። ስለዚህ አሳምሬ ተናገርሁ። ልጅቱ ግን ዳቦዋን ይዛ በጥሞና ካዳመጠች በኋላ፥ «ቦታውን አይተኸዋል? አሁን ምን ይመስላል?» አለችኝ። ዝም አልሁ። በአጠገቡ ባለው መንገድ ስንት ጊዜ አልፌአለሁ፤ ወርጄ ግን አንድ ቀን አልቆምሁበትም፤ ተማሪም ወስጄ አላሳየሁበትም። ከደብረ ታቦር ጋፋት ሳልሄድ ከደብረ ታቦር ለንደን መጣሁ። «የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ።

ከምሳ በኋላ ቪክቶሪያና አልበርት ወደሚባለው ሙዚየም ገባን። በዚያ ዓመት፥ መቅደላ የወደቀበት 150ኛ ዓመት ነውና፥ ከመቅደላ የመጡትን ዕቃዎች ለብቻቸው በአንድ ስፍራ አሰባስበው ያሳዩ ነበር። ከሁሉ በፊት ዓይናችንን የያዘው የወርቁ ዘውድ ነው። ቅርጹ ፎቅ በፎቅ የተደራረበ፥ ዙሪያውን የቅዱሳን ሥዕል የተቀረጸበት ነው። ከእርሱም ጋራ የወርቅ ጽዋ አለ። ሁለቱንም በ1730ዎቹ ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በጐንደር አጠገብ ላሠሩት ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እንደ ሰጡአቸው ይታመናል። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስም በመስታወት ውስጥ ነበረ።

በዚያ ቀሚስ ፊት ልጆቹ ዝም አሉ። ሕፃን ሁልጊዜ ስለ እናት ይገባዋል። እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው፤ ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ፥ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ሲጓዙ በመንገድ ታመው ዐረፉ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ብቻውን ቀርቶ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እንደ እነዚህ ልጆች በባዕድ አገር ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን ሲመሽ የሚመለስበት የእናት ቤት አልነበረውም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በሊድስ ከተማ አጠገብ በበሽታ ሞተ፤ በዊንድዞርም ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ ሀገሩ እንዲመለስ ብዙ ጊዜ ተለምኖአል፤ በ2015 ዓ.ም. እንኳ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎቹን ሙታን ዕረፍት ሳይነኩ እርሱን ማውጣት አይቻልም ብሎ እንቢ አለ።

ከዚያም ዕቃው እንዴት እንደ መጣ ነገርኋቸው። ጦሩ መቅደላን ከያዘ በኋላ ግምጃ ቤቱና የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተዘረፉ። ምርኮውን የተሸከሙት ዐሥራ አምስት ዝሆኖችና ሁለት መቶ ያህል በቅሎዎች ነበሩ። ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ተባለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የሆነው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋራ ተልኮ መጥቶ ነበርና ገንዘብ ይዞ የተመረጠውን ገዛ። የሽያጩ ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። በገዛ አገራቸውም ቢሆን ይህ ነገር ሁሉን ደስ አላሰኘም፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን በፓርላማ ፊት እነዚህ ዕቃዎች በመወሰዳቸው ማዘኑን ተናገረ።

ልጆቹ ተቈጡ። እኔም ቍጣቸውን አይቼ በልቤ ደስ አለኝ፤ ያስተማርሁት ገባቸው ብዬ አሰብሁ። ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመት የሚሆነው ልጅ እጁን አወጣና፥ «አባባ፥ እንግሊዞች ዘውዱን ከመቅደላ ወሰዱት። ከቁስቋም ወደ መቅደላ የወሰደውስ ማን ነው?» አለኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ አስተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይሸሻል፥ ወይ ይመልሳል። እኔ መለስሁ። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጐንደርን አስዘርፈው ማቃጠላቸውን፥ የአብያተ ክርስቲያናቱን ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ወስደው መቅደላ ማከማቸታቸውን ነገርኋቸው። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በዚያ ተሰብስበው ነበር። ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ሊያቆሙ አስበው ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ መጽሐፉን የተነጠቀው የጐንደር ካህን ግን ስለ መልካሙ ሐሳብ አልተጽናናም።

«ታዲያ ሁለቱም ሌቦች ናቸው?» አለ ልጁ። ይህን ነገር እናንተ ወጣቶች በደንብ እንድትመዝኑት እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያው በደል ሁለተኛውን በደል አያጸድቀውም። ጐረቤቴ ከወንድሙ የቀማውን በሬ እኔ ከጐረቤቴ ብቀማ፥ በሬው የእኔ አይሆንም፤ የወንድሙ ነው። እንዲሁም የእንግሊዞቹ መውሰድ የቴዎድሮስን መውሰድ አያስረሳውም። ንጉሡን ስለ ጀግንነታቸውና ስለ አንድነት ምኞታቸው እንወዳቸዋለን፤ ነገር ግን የምንወደውን ሰው ጥፋት መደበቅ ፍቅር አይደለም። ታሪክን እኛ የተበደልንበትን ገጽ ብቻ ገልጦ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን አነበብሁ ሊል አይገባውም። ይህንኑ ለልጁ በሚገባው ቃል ነገርሁት፤ ራሱንም ነቀነቀ። እኔም በመልሴ ተመካሁ። ፍርዱ ወደ ራሴ ሊመጣ ጥቂት ሰዓት ቀርቶት ነበር።

በቀዩ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ስንደርስ ቀኑ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። በግቢው ከብዙ አሕዛብ የመጣ ሕዝብ ይርመሰመሳል። በዚህ ቤት ከመቅደላ የመጡ ዐሥራ አንድ ታቦታት እንዳሉ፥ ነገር ግን ለሕዝብ እንደማይታዩ፥ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ እንደማያዩአቸው፥ ተሸፍነው በተዘጋ ክፍል እንደሚኖሩ አስተማሪው ለልጆቹ ነገራቸው። ከዚያም በአምዶቹ ፊት በአንድነት አቁሞ ጥቂት ጊዜ በዝምታ እንዲቆዩ አደረጋቸው። እኔ በታቦት ሥርዓት ያላደግሁ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ማንም እንዳያይ ተብሎ የተዘጋበት፥ ለሚያመልኩበትም የማይሰጥ ነገር በሙዚየም መኖሩ ምን ጥቅም እንዳለው የሚያስረዳኝ እስካሁን አላገኘሁም። የሚከለክለው ሕጋቸው ነው ይላሉ፤ ሕግን ግን ያወጣው ሰው ነው።

ቆሞ የቀረ ብቻ አይደለም፤ የተመለሰም አለ። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥትን አስመልሰዋል። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲጐበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ይዘው መጡ። በኤድንበርግ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ታቦት በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። እኔ ከለንደን በተመለስሁበት በዚያው ዓመት፥ በመጋቢት 2011፥ ከንጉሡ ራስ የተቈረጠው ጠጕር ተመለሰ። ከሦስት ዓመት በኋላም ሌሎች ዕቃዎች ገብተዋል። እንግዲህ መለመንና መሟገት ከንቱ አይደለም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በዚያ ግቢ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሳለን፥ ሆልምስ ያመጣቸው ሦስት መቶ ሃምሳ ያህል የብራና መጻሕፍት በዚህ ቤት ብዙ ዘመን ከኖሩ በኋላ አሁን ብሪቲሽ ላይብረሪ በሚባለው ቤት እንደሚገኙ፥ ማንኛውም ተማሪ ፈቅዶ ቢጠይቅ እንደሚያያቸው ነገርኋቸው። የልጅ ልጄ ክንዴን ይዛ፥ «አባባ፥ እኛ ቤት ደብረ ታቦር እንደዚህ ያለ መጽሐፍ አለ?» አለችኝ።

«ነበረ» አልኋት።

«ማን ወሰደው?»

«ጠፋ።»

«ታዲያ ለምን አልፈለግኸውም?»

መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም መጽሐፉ አልጠፋም። ሸጥሁት። ይህንንም እስከ ዛሬ ለልጆቼ ሳልናገር ቆይቼ አሁን በዚህ ጽሑፍ እናገራለሁ።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። አንድ የብራና ዳዊት ነበራቸው፤ ማኅደሩ ከእጅ ብዛት የለሰለሰ፥ ከእርሳቸው አባት የወረሱት ነው። በዳር በዳሩ ላይ የቤተ ሰባችን ልደትና ሞት፥ የክፉ ቀንና የጥጋብ ዘመን በጥቍርና በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። አባቴ እኔን በሚሲዮን ቢያስተምሩኝም ያን ዳዊት ከራስጌያቸው አልለዩትም። ሲሞቱም ለእኔ ሰጡኝ። በ1984 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የሚመላለስ አንድ ነጋዴ መጥቶ፥ ፈረንጆች አሮጌ ብራና ይወድዳሉ ብሎ ሰባት መቶ ብር ቈጠረልኝ። አልራበኝም ነበር፤ የታመመ ልጅም አልነበረብኝም። ቤቴን ከሣር ወደ ቆርቆሮ ልለውጥ ፈልጌ ነበር። ቅርስ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ መሆኑንም የታሪክ አስተማሪ ነኝና አውቅ ነበር። ሸጥሁት፤ ቤቴም ቆርቆሮ ለበሰ። በማግሥቱ ሰኞ ክፍል ገብቼ ስለ መቅደላ ዘረፋ አስተማርሁ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።

የእኔን ዳዊት የወሰደ ናፒየር የለም። ዝሆን አልመጣም፤ መድፍ አልተተኰሰም። አንድ ሰው በጓሮ በር ገብቶ ቡና ጠጥቶ፥ አመስግኖ ሄደ። ዛሬ በአንድ የሩቅ አገር ቤት ግድግዳ ላይ ቅጠሉ ተገንጥሎ ተሰቅሎ ይሆናል፤ የአያቴ አባት የተወለዱበትን ቀን የሚያነብለት ሰው ግን በዚያ የለም። ዘውዱ የት እንዳለ ሁሉ ያውቃል፤ ሊጠየቅበትም ይችላል። የተሸጠው ግን አይጠየቅም፤ ሻጩ ዝም ይላል፥ ገዢውም ዝም ይላል።

ወደ ሀገሬ ስመለስ ባሕር ዳር ወርጄ ነጋዴውን ፈለግሁ። ሱቁ የእጅ ስልክ መሸጫ ሆኖአል፤ ሰውዬውንም የሚያውቀው አላገኘሁም። የልጅ ልጄ «ለምን አልፈለግኸውም?» ላለችኝ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ፈለግሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፍለጋ ለጠፋው ነገር አይጠቅምም፤ ለፈላጊው ግን ጥቂት ይጠቅመዋል።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ቀድሞ ካስተማርሁበት ትምህርት ቤት ሠላሳ ያህል ተማሪዎች አስፈቅጄ በእግራችን ወደ ጋፋት ሄድን። ጧት ነበር፤ ጉና በስተ ምሥራቅ ደመና ለብሶ ይታያል። ስንደርስ አንዱ ተማሪ ዙሪያውን አይቶ፥ «ጋሼ፥ እዚህ እኮ የሚታይ ነገር የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መስታወትና መብራት የለበትም። እኔም በሣሩ ላይ አስቀምጬ፥ ከዚህ ቦታ ሰባ ኩንታል ብረት በሰው ጫንቃ መቅደላ ድረስ እንደ ሄደ፥ እንደ እነርሱ ያሉ የሀገሩ ልጆችም በዚህ በወንበር ፊት ተቀምጠው ፊደል እንደ ተማሩ፥ ንጉሡ ወደ መቅደላ ሲነሡም ደብረ ታቦርን በእሳት አቃጥለው እንደ ሄዱ ነገርኋቸው። ስንመለስ አንድ ሥራ ሰጠኋቸው፤ እያንዳንዱ በቤቱ ወይም በዘመዱ ቤት ያለውን አሮጌ ነገር ስሙን፥ የማን እንደ ነበረና ማን እንደ ሰጠው በደብተሩ እንዲጽፍ። ከሳምንት በኋላ ሃያ ሁለቱ ጽፈው አመጡ። አንዲት ልጅ፥ «የአያቴ መስቀል ነበረ፤ አጎቴ ሸጦታል፤ ለምን እንደ ሸጠው ጠይቄው አልመለሰልኝም» ብላ ጽፋ ነበር። ያን ደብተር ሳነብ ብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፥ ከመቅደላ የተወሰደው እንዲመለስ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው፤ ሳትታክቱም ጠይቁ። ነገር ግን ስትጠይቁ እጃችሁ ንጹሕ ይሁን። በቤታችሁ፥ በደብራችሁ፥ በሠፈራችሁ ያለውን መዝግቡ፤ አይጥና ዝናብ የሚያጠፋውን ለሚጠብቀው አሳስቡ፤ ዋጋ የሚቈጥርላችሁ ሰው በጓሮ በር ሲመጣ በፊት በር አስወጡት። እንግዳ ከተማ የመጐብኘት ዕድል ቢገጥማችሁ ደግሞ ደስ ብሎአችሁ ሂዱ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የመንደራችሁን ጋፋት እዩ። አንድ ሕፃን ስለ አገራችሁ ቢጠይቃችሁ የምትመልሱት ታገኛላችሁ።

የልጅ ልጄ አሁን ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኖአታል። ይህን ጽሑፍ በመጀመሪያ የምልከው ለእርስዋ ነው። «ጠፋ» ብዬ ነግሬአት ነበርና ቃሌን ላርም። የቤቴም ቆርቆሮ ዝጎአል፤ ዘንድሮ ክረምት ያፈስሳል።